ስለ መግቢያ ፈተና ዝግጅት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ልንናገርበት የተነሣነው ጉዳይ፣ ከእኛ ትከሻ የወረደ፣ ከታናናሾቻችን ግን ገና ያልወረደ ሸክም ነው። ይኸውም የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና፣ በተለይም አፕቲቲዩድ የሚባለው ክፍል ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ሆኑ። በ2014ቱ ፈተና አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,100 በላይ ነበሩ። ይህን እየሰማን «እኛስ አልፈናል» ብለን ዝም ልንል አይገባንም።

ብዙ ሰው «አፕቲቲዩድ የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ ያለው አለው፣ የሌለው የለውም» ይላል። እኛ በዚህ አንስማማም። እርግጥ ነው፣ እንደ ሌላው ትምህርት ከመጽሐፍ ተሸምድዶ የሚገባበት ፈተና አይደለም። ነገር ግን የሚለካው ቃልንና ቁጥርን አስተውሎ የማመዛዘን ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ በሥራ ይገኛል።

ምሳሌ እንስጥ። 12 ሠራተኞች አንድ ሥራ በ10 ቀን ቢጨርሱ፣ 15 ሠራተኞች በስንት ቀን ይጨርሱታል? ቀመር ብቻ የሸመደደ ተማሪ ቁጥሮቹን አመሳቅሎ ያባዛና 12 ቀን ተኩል ይላል። ቆም ብሎ ያሰበ ግን፣ ሠራተኛ ሲበዛ ቀኑ ማነስ እንዳለበት አስቀድሞ ያያል። ሥራው ለአንድ ሠራተኛ የ120 ቀን ሥራ መሆኑን አስልቶ ለ15 ያካፍላል፤ መልሱም 8 ነው።

በቃላቱም በኩል እንዲሁ ነው። ሸማኔ ከመወርወሪያ ጋር ያለው ዝምድና፣ ገበሬ ከምን ጋር ካለው ይመሳሰላል? እርሻ፣ እህል፣ ዝናብ፣ ማረሻ የሚሉ ምርጫዎች ቢቀርቡ ሁሉም ገበሬን ይነካሉ። «ሸማኔ በመወርወሪያ ይሠራል» ብሎ ዝምድናውን በዓረፍተ ነገር የገለጸ ግን ከማረሻ በቀር ሌላ አይመርጥም።

ስለዚህ ዝግጅቱ ሦስት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሚቀርብ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በየቀኑ ጥቂት ገጽ እንግሊዝኛ ማንበብ። ሁለተኛ፣ የቆዩ ፈተናዎችን ሰዓት ይዞ መሥራት፤ አንዱ ጥያቄ አላስኬድ ሲል ምልክት አድርጎ ማለፍ። ሦስተኛ፣ ከሁሉ የሚበልጠው፣ የተሳሳቱትን ጥያቄ ለምን እንደ ተሳሳቱት በደብተር መጻፍ። የመልሱን ፊደል ብቻ ያጠና ተማሪ፣ ጥያቄው ቁጥር ሲለውጥ ባዶ እጁን ይቀራል።

ይሁን እንጂ የቆየ ፈተናም ሆነ የሚነበብ መጽሐፍ በማይገኝበት ወረዳ ይህ ምክር ብቻውን ባዶ ቃል ነው። ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በክረምት ወደየአገራችን ስንመለስ፣ ወደ 12ኛ ክፍል የሚያልፉትን የሰፈራችንን ልጆች ሰብስበን በሳምንት ሁለት ቀን እናሠራቸው። መምህራኖቻችን ጥያቄዎቹን በመምረጥና በማረም ይርዱን፤ ማኅበሩም አባዝቶ ይስጠን። አንድ ተማሪ አምስት ልጆች ቢይዝ፣ ሃያ ተማሪዎች መቶ ልጆች ይይዛሉ።

ለዚህ ሥራ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ስሙንና የሚሄድበትን ወረዳ ክረምት ሳይገባ ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስመዝግብ።