በጭነት መኪና የደረሰ ጥቃት

ሄለን፦ ብሩክ፣ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ዩክሬን በጭነት መኪና ባስገባቻቸው 117 ድሮኖች የሩሲያን የጦር አየር ማረፊያዎች መታች። አንዱ፣ በላያ፣ ሳይቤሪያ ውስጥ ነው፤ ከዩክሬን ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

ብሩክ፦ አመጣጣቸውስ! ከእንጨት በተሠሩ ቤቶች ጣሪያ ሥር ተደብቀው ነበር። ጣሪያው ከርቀት ሲከፈት ተራ በተራ ተነሡ። ያጋዩት ደግሞ ኒውክሌር መሸከም የሚችሉ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን ነው።

ሄለን፦ ያ ሁሉ የሩሲያ ኒውክሌር ዩክሬንን ካልገታ፣ ታዲያ ምኑ ላይ ነው ማስፈራቱ?

ብሩክ፦ የኔቶ ወታደሮች በቀጥታ ጦርነቱ ውስጥ እንዳይገቡ አድርጓል። ርካሽ ድሮንን ግን አላስቀረም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ የኒውክሌር አቅሙ ሲመታ ያየ አገር «ሳልቀደም ልቅደም» ሊል ይችላል።

ሄለን፦ ይህን የሚከላከል ስምምነት የለም እንዴ?

ብሩክ፦ ዋሽንግተንና ሞስኮ የተፈራረሟቸው ስምምነቶች ይቆጥሩ የነበረው ሚሳኤልና ቦምብ ጣይ ነው። በትንሽ ወርክሾፕ የምትገጣጠም ድሮንን ማን ይቆጥራታል?

ሄለን፦ እንግዲያው ቢያንስ የኒውክሌር ይዞታዎች በድሮንም ሆነ በሳይበር እንዳይነኩ ኃያላኑ ይስማሙ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።