ፀሐይን በሶኬት ስለ ማስገባት



ዛሬ የምንናገረው በግድግዳ ሶኬት ስለሚሰካው የፀሐይ ኀይል መሣሪያ ነው።

የጋሞ ደጋ ሕዝብ ከሶላር ጋር ከተዋወቀ ቆይቷል። የመብራት መስመር ባልደረሰበት መንደር ጣራ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ሰሌዳ ቀን ባትሪ ትሞላለች፤ ማታ አምፑል ታበራለች። ይህች መሣሪያ ከዋናው መስመር ጋር ስለማትገናኝ ጉድለት ቢኖርባት እንኳ ጉዳቱ ከዚያው ቤት አያልፍም። መስመር በገባባቸው በሲቀላና በሴቻ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በጀርመን አገር ሰው ሰሌዳውን በረንዳው ላይ ሰቅሎ ገመዱን ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ኀይሉም ወደ ቤቱ መስመር ይገባል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የጸናው ሕግ የኢንቨርተሩን ጉልበት በ800 ዋት ወስኖ፥ ባለቤቱ መሣሪያውን እንዲያስመዘግብ ያዛል።

ይህን ሰምቶ የሚጓጓ ሰው አስቀድሞ አንድ ነገር ይወቅ። በደንብ የተሠራ የዚህ ዓይነት ኢንቨርተር መብራት ሲጠፋ እርሱም ወዲያው ይጠፋል። እኛ ደግሞ ሶላርን አጥብቀን የምንፈልገው መብራት ሲጠፋ ነው! ስለዚህ አንዳንዱ ሰው በባትሪ የሚሠራ ተራ ኢንቨርተር አምጥቶ፥ በሁለቱም ጫፍ ሶኬት ባለው ገመድ ከግድግዳው ጋር ለማገናኘት ይፈተናል።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ከቤት የወጣው 220 ቮልት በቆጣሪው በኩል ወደ ኋላ ተጉዞ ትራንስፎርመሩ ዘንድ ከደረሰ 15,000 ቮልት ሊሆን ይችላል። እርግጥ የሰፈሩ ጭነት ከበዛበት ትንሹ መሣሪያ ይሸነፋል፤ መስመሩ በቅርብ ከተበጠሰና ጭነቱ ካነሰ ግን ሽቦው ሕያው ሆኖ ይቆያል። ሽቦውን ሊጠግን ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ ሞቷል ብሎ የነካው ሽቦ ይገድለዋል። እርሱም የሰው አባት፥ የሰው ልጅ ነው።

ሁለተኛው አደጋ እሳት ነው። 800 ዋት ማለት 3.6 አምፔር ያህል ነው። 10 አምፔር ብቻ የሚችል ሽቦ ከዋናው መስመር 10፥ ከሰሌዳው ደግሞ 3.6 ቢጨመርበት ብሬከሩ የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በአንድ ቆጣሪ ብዙ ተከራይ በሚጠቀምበት ግቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ሶላር ይከልከል እንላለን? ከቶ አንልም። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራ ሰው የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ይጠይቃል። በዚሁ መሠረት ላይ ድሀ የማይቸገርበት አጭር ደንብ እንዲጸና እንሻለን፤ ይኸውም ራሱን የማያጠፋ ኢንቨርተር ከመስመር ጋር እንዳይገናኝ፥ ለመሣሪያው የራሱ ሽቦና ብሬከር እንዲኖረው፥ የጥገና ሠራተኛውም የትኛው ቤት ኀይል እንደሚሰጥ እንዲያውቅ መዝገብ እንዲያዝ ነው።

እስከዚያው ድረስ ሰሌዳና ባትሪ ያለው ሰው ለአምፑሎቹ የተለየ ሽቦ ይዘርጋ፤ ከግድግዳው ሶኬት ጋር አያጋባው። ኤሌክትሪክ የምንማር ተማሪዎችም ለዕረፍት ወደየቀያችን ስንመለስ ይህን ለጎረቤት በቃል ብናስረዳ፥ በእጃችንም ብናሳይ፥ የትምህርታችን ዋጋ በዚያ ይታወቃል።