በግ ለጠጉሩም ለሥጋውም

ደብተርና እርሳስ ያላችሁ ቀረብ አድርጉ፤ በንግግራችን መካከል የምንጽፋቸው ጥቂት ቁጥሮች አሉ፡፡

የዛሬው ንግግራችን በጎፋና በአካባቢው በጠባብ ግቢ አንድ ወይም ሁለት በግ አስረው ለሚያደልቡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው፡፡ ጎፋ ለቄራ ጎረቤት እንደመሆኑ፣ በጎፋ ገብርኤል በኩልም ይሁን በጎፋ ካምፕ፣ በዓል በመጣ ቁጥር የበግ ድምፅ የማይሰማበት መንደር የለም፡፡ በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሥር ታስሮ የሚያድረውም ብዙ ነው፡፡ ይህ ሁሉ በግ የሚገዛው ግን ለሥጋው ብቻ ነው፡፡ ጠጉሩ ቆሻሻ ተብሎ ይጣላል፤ ባለፉት ዓመታትማ የቆዳው ዋጋ ሲወድቅ ቆዳው ራሱ በበዓል ማግሥት በየመንገዱ ዳር ተጥሎ አይተናል፡፡ ተበድሮ በግ ለሚገዛ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ኪሣራ አይደለም፡፡

እስቲ ስለ ጠጉሩ እንነጋገር፡፡ ሱፍ ስንል ለፍትፍት የሚወቀጠውን ማለታችን አይደለም፤ የበግ ጠጉር ማለታችን ነው፡፡ ሁሉም በግ ሱፍ የለውም፡፡ ራሱ ጥቁር ገላው ነጭ የሆነው የሶማሌ በግ፣ የሆሮና የቦንጋ በግም ጠጉራቸው አጭርና ልሙጥ ስለሆነ ለመፍተል አይሆንም፡፡ በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚረባው የመንዝ በግ ግን ከብርዱ የተነሣ ጠጉሩ የረዘመና የተጠቀጠቀ ነው፡፡ የመንዝ ሴቶች በእንዝርት እየፈተሉት፣ ወንዶቹ እየሸመኑት ባና፣ ዝተትና በርኖስ ሲሠራበት ኖሯል፡፡ በ1957 ዓ.ም. የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሲቋቋም ቦታው የተመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም፡፡

ይሁን እንጂ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፡፡ የመንዝ በግ በዓመት የሚሰጠው ሱፍ አንድ ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ሸካራም ስለሆነ ለብርድ ልብስና ለምንጣፍ እንጂ ለስስ ልብስ አይሆንም፡፡ ይህን ለማሻሻል በ1960 ዓ.ም. አካባቢ በደብረ ብርሃን የበግ እርባታ ማዕከል ተቋቋመ፡፡ ኮሪዴል የተባለ፣ በኒውዚላንድ ለሱፍም ለሥጋም ተብሎ የተዳቀለ በግ መጣና ከመንዝ በግ ጋር ተዳቀለ፡፡ ግልገሉ ጥሩ ሱፍ ነበረው፡፡ ገበሬው ግን አልወደደውም፤ ለምን ቢባል ላት የለውማ! ጅራቱ ቀጭን የሆነ በግ ገበያ ቢወጣ ማን ይገዛዋል? ቆየት ብሎ በ1970ዎቹ ከእስራኤል አዋሲ የተባለው ባለላት በግ ሲመጣ ነው ገበሬው እሺ ያለው፡፡ እሱም ቢሆን በእርባታ ጣቢያዎቹ ማዲ ቪስና የተባለ ሳንባን የሚጎዳ በሽታ በመገኘቱ ሥራው ተሰናክሎ ነበር፡፡ በእኔ አስተያየት ላቱን ያልጠየቀ ባለሙያ ገበያውን አልጠየቀም፡፡

ሌላም ነገር አለ፤ ይህ ደግሞ ጎፋ ያለነውን ይነካል፡፡ ፈጥኖ የሚያድገው፣ ሰውነቱ የሞላው ወንድ ጠቦት ቀድሞ ይሸጥና ለበዓል ይታረዳል፡፡ አገር ቤት ቀርቶ ሴቶቹን የሚያጠቃው ቀጫጫው ነው፡፡ እንዲህ ሲሆን ዘሩ ከዓመት ዓመት ያንሳል፡፡ በ2001 ዓ.ም. ኢካርዳ የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል ከአገራችን ተመራማሪዎች ጋር በመንዝ፣ በሆሮ፣ በቦንጋና በአፋር የጀመረው ሥራ ይህንኑ የሚመለከት ነው፡፡ የመንደሩ ሰዎች ከጠቦቶቻቸው መካከል ምርጦቹን አስቀርተው በጋራ ለአውራነት ይይዛሉ፤ የተረፈው ይሸጣል፡፡ እንግዲህ ሴት በግ የምታረቡ ካላችሁ፣ መልካሙን ጠቦት ለማረድ አትቸኩሉ፡፡

አሁን ወደ ገበያ እንሂድ፡፡ ለፋሲካ የሚደርስ በግ የሚገዛው ከጥምቀት በኋላ ነው፤ ሦስት ወር ያህል ጊዜ ይገኛል፡፡ ነጋዴው «እትዬ፣ ላቱን ይዩት እንጂ!» ቢል ላቱ ብቻ አያታላችሁ፡፡ እጃችሁን ከጎድኑ ኋላ በወገቡ ላይ አድርጉና አጥንቱን ዳስሱ፡፡ አጥንቱ የጎላ፣ ግን ቁመቱና ደረቱ ሰፋ ያለ ወጣት በግ ለማድለብ የተሻለ ነው፤ የወፈረውን ገዝቶ ማወፈር ትርፉ ምንድን ነው? የዓይኑን ቆብ ገለጥ አድርጉ፤ ውስጡ ቀይ መሆን አለበት፡፡ ከነጣ ትል ደሙን ጨርሶታል ማለት ነው፡፡ ከመንጋጋው ሥር እብጠት ካለ የጉበት ትል ሊሆን ስለሚችል ተዉት፡፡ ለአረፋ የምትገዙም የማያነክስ፣ ዓይኑና ጆሮው ደኅና የሆነ፣ ዕድሜው የደረሰ መሆኑን ከመጀመሪያው አረጋግጡ፡፡

በጉ ቤት እንደገባ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስዳችሁ የትል መድኃኒት አሰጡት፡፡ ቀጥሎ ጠጉሩ ረዘም ያለ ከሆነ ይሸለት፡፡ ለመሸለት የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ የሌሊት ብርድ አይመችም፤ የጥር መጨረሻና የካቲት ግን ደኅና ነው፡፡ በጉን በንጹሕ ሸራ ላይ በጎኑ አስተኙት፡፡ ጠጉሩ ደረቅ ይሁን፡፡ ቆዳውን በአንድ እጅ ወጠር እያደረጋችሁ ስለታም መቀስ ከቆዳው ተጠግቶ ይቁረጥ፡፡ አንዴ የተቆረጠውን ለማስተካከል ብላችሁ አትድገሙት፤ ብጥስጣሹ ለመፍተል አይሆንም፡፡ የሆድና የእግር ጠጉር፣ እበት የነካውም ለብቻው ይቀመጥ፤ ነጩም ከጥቁሩ ይለይ፡፡ የተቆረጠ ቆዳ ካለ አዮዲን ቀቡት፡፡ ለመውለድ የተቃረበች በግ አትሸለት፡፡ የተሸለተ በግ ይበርደዋልና ለሁለት ሳምንት ያህል ሌሊት ነፋስ በማይገባበት ይደር፤ መኖውንም አብዝቶ ይበላል፡፡

መሸለት ለሱፉ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው፡፡ በደጋ በግ ጠጉር ውስጥ ቅማልና ክንፍ የሌላት ደም መጣጭ ዝንብ ይኖራሉ፡፡ እነዚህ ሲነክሱት በጉ ከግድግዳ ጋር ይፋተጋል፣ ይከሳል፡፡ በቆዳው ላይም ፋብሪካ ገብቶ ጠጉሩ እስኪነሣ ድረስ የማይታይ ነቁጥ ይተዋሉ፤ የቆዳ ሠራተኞች እከክ የሚሉት ይህንን ነው፡፡ የአገራችን የደጋ በግ ቆዳ ለጓንትና ለጃኬት በውጭ አገር የተወደደ ሆኖ ሳለ በእከክ ምክንያት ደረጃው ይወርዳል፡፡ ጠጉሩ ሲነሣ ተባዩም አብዛኛው አብሮ ይሄዳል፤ የተረፈውን ሐኪሙ በሚያዘው መድኃኒት ማጥፋት ነው፡፡

ሱፉን ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ዘፍዝፉት እንጂ አትሹት፤ በሙቅ ውኃ የታሸ ሱፍ ተጣብቆ እንደ ጨርቅ ይሆናል፡፡ በጥላ ይድረቅ፡፡ የአንድ በግ ሱፍ ለትራስ መሙያ ይበቃ ይሆናል እንጂ ለገበያ አይበቃም፡፡ የአሥርና የአሥራ አምስት ቤት ሱፍ ተጠራቅሞ ሲለይ ግን ፈታይ የሚፈልገው መጠን ይሆናል፡፡ በየግቢያችን ከመንዝና ከጅሩ የመጡ፣ እንዝርት የያዘ እጅ ያላቸው እናቶች አሉ፤ ጠይቋቸው፡፡

ስለ መኖው አሁን ጻፉ፡፡ ድርቆሽ ወይም የባቄላና የአተር ገለባ እንዲሁም ንጹሕ ውኃ ከፊቱ አይጥፋ፡፡ ተጨማሪው መኖ ሁለት እጅ ፉርሽካ፣ አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎና ትንሽ ጨው ነው፡፡ የመጀመሪያው ሳምንት በቀን 100 ግራም፣ ሁለተኛው 200፣ ሦስተኛው 300፣ ከዚያ በኋላ 400 ግራም፡፡ ለ90 ቀን ስታሰሉት 32 ኪሎ ገደማ ይመጣል፤ ይኸውም 21 ኪሎ ፉርሽካና 11 ኪሎ ፋጉሎ ነው፡፡ የሻገተ ፋጉሎ ርካሽ ቢሆንም አትግዙ፤ መርዝ አለው፡፡ የጠላ አተላ ትኩሱን ከድርቆሽ ጋር መስጠት ይቻላል፡፡ በዓሉ ሲቃረብ «ቶሎ ይወፍራል» ተብሎ ስንዴ፣ ሊጥና የእንጀራ ፍርፋሪ በብዛት የሚሰጠው በግ ግን ሆዱ ኮምጥጦ በዋዜማው ይሞታል፡፡ ሜዳ የምትለቁትንም ተጠንቀቁ፤ ፌስታል የዋጠ በግ ሆዱ ይዘጋና ምንም ቢበላ አይሰባም፡፡ የአቃቂ ወንዝ በፋብሪካና በቤት ቆሻሻ የተበከለ ስለሆነ በዳሩ አታሰማሩ፡፡

በደብተራችሁ በአንድ ገጽ ወጪ፣ በሌላው ገጽ ገቢ ብላችሁ መስመር አስምሩ፡፡ የበጉ መግዣ፣ ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ ድርቆሽ፣ መድኃኒት በወጪው በኩል ይጻፉ፡፡ በየ15 ቀኑ በሚዛን መዝኑት፡፡ በቀን 70 ወይም 80 ግራም ቢጨምር በ90 ቀን 6 ወይም 7 ኪሎ ነው፡፡ በሁለት ተከታታይ ሚዛን ምንም ካልጨመረ መኖ ከማብዛት በፊት ሐኪም አሳዩት፡፡

በዕለቱ ቆዳው በቢላ ሳይሆን በጡጫ ይገፈፍ፤ ቢላው እግሩንና ሆዱን ከከፈተ ይበቃዋል፡፡ ደሙን አጥባችሁ፣ የሥጋውን በኩል ወደ ላይ አድርጋችሁ በጥላ ዘርጉትና በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ጨው በእኩል አልብሱት፡፡ ቆዳ ገዢ ባይመጣም ጨው የገባው ቆዳ ቀን ይጠብቃል፡፡ አጎዛ የምትፈልጉ ግን ነገሩን ከመጀመሪያው ወስኑ፡፡ በየካቲት የተሸለተ በግ ለፋሲካ የሚያበቅለው ጠጉር አጭር ስለሆነ አጎዛው አይሞቅም፡፡ ሁለት በግ ያለው ሰው አንዱን ለሱፍ ሸልቶ፣ ጠጉረ ረጅሙን ለአጎዛ ተባዩን ብቻ አስወግዶ ሊያቆየው ይችላል፡፡