ስለ ፓራቦላ መታጠፊያ ነጥብ



ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ የምናውቀውን የፓራቦላ እኩልታ በዚህ ጉባኤ ፊት ማንሣቴ ትዝብት ላይ ይጥለኝ ይሆናል። ነገር ግን ጉዳዩ ከጥቁር ሰሌዳ ወርዶ አስፋልት ላይ ሲደርስ ገንዘብ የሚያስከፍል ስለ ሆነ፣ ጥቂት ደቂቃ እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

እንደሚታወቀው፣ ቁልቁለት ወርዶ ዳገት የሚወጣ መንገድ ሁለቱ ተዳፋቶች የሚጋጠሙት በፓራቦላ ነው። ፓራቦላ የተመረጠው ለውበቱ አይደለም፤ ተዳፋቱ በየሜትሩ በእኩል መጠን ስለሚለወጥ ተሳፋሪው እንዳይንገጫገጭ ነው።

መንገዱ በ5 በመቶ ቁልቁለት መጥቶ በ3 በመቶ ዳገት ይወጣል እንበል። የመጋጠሚያው ርዝመት 160 ሜትር፣ የመነሻው ከፍታ 1400 ሜትር ነው። አግድም ርቀቱን «ሸ»፣ ከፍታውን «ቀ» ብንለው፤

ቀ = 0.00025ሸ² − 0.05ሸ + 1400

አጻጻፉ ትክክል ነው፤ ሆኖም የመነሻውን ከፍታና ተዳፋት ይነግረናል እንጂ ውሃ የሚተኛበትን ስፍራ አይነግረንም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የነበረው አል-ኽዋሪዝሚ በአራት ማዕዘን ሥዕል ያስረዳውን ካሬን የመሙላት ዘዴ ስንጠቀምበት ግን ያው እኩልታ አንደበት ያገኛል። 0.00025ን ብናወጣ በቅንፍ ውስጥ ሸ² − 200ሸ ይቀራል። የ200ን እኩሌታ፣ 100ን፣ ወስደን ካሬውን 10000ን እንጨምራለን፤ የጨመርነው በ0.00025 ሲባዛ 2.5 ሜትር ስለሚሆን ያንኑ ከ1400 እንቀንሳለን።

ቀ = 0.00025(ሸ − 100)² + 1397.5

የመቀነስ ምልክት እያለ ነጥቡ ወደ ቀኝ መሄዱ ተማሪን ሁሉ ያደናግራል። ነገሩ ግን ግልጽ ነው፤ ካሬ ከዜሮ በታች አይወርድም፣ ዜሮ የሚሆነውም «ሸ» 100 ሲሆን ብቻ ነው። ያለ አልጀብራም ይታያል፦ ተዳፋቱ በ160 ሜትር 8 በመቶ፣ ማለትም በየ20 ሜትሩ 1 በመቶ ይለወጣል፤ እንግዲህ የ5 በመቶው ቁልቁለት የሚያልቀው 100ኛው ሜትር ላይ ነው።

ብዙ ሰው ግን ዝቅተኛው ስፍራ መካከሉ፣ 80ኛው ሜትር፣ ይመስለዋል። ይህ የሚሆነው ሁለቱ ተዳፋቶች እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው። የውሃ መቀበያውን በ80ኛው ሜትር ያኖረ ሰው ከዝቅተኛው ነጥብ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ አኑሮታል፤ ውሃው ያን ያህል ጥልቀት ሳይጠራቀም መውጫ አያገኝም። ስሙን መጥራት በማያስፈልግ አንድ የከተማ መንገድ ላይ ይህንኑ አይቻለሁ፤ ክረምት በገባ ቁጥር ኩሬ ይተኛበታል፣ ሥሩ ይርሳል፣ አስፋልቱም ይሰነጣጠቃል። በየጊዜው የሚጠገነው ግን አስፋልቱ ነው።

ዛሬ ኮምፒዩተር ይህን ሁሉ በቅጽበት ያወጣዋል። ችካል የሚተክለው ቀያሽ ግን የሚያየው በእጁ ያለውን ፕላን ነው፤ በፕላኑም ላይ የመጋጠሚያው መነሻ፣ መካከልና መድረሻ ብቻ ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ በምንፈርምበት ፕላን ሁሉ ላይ የመታጠፊያው ነጥብ ርቀትና ከፍታ ለብቻው ተጽፎ እንዲወጣ ማኅበራችን እንዲወስን በትሕትና አሳስባለሁ።