«መታኝ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርእሳችን ስለ ቋንቋ ነው። «ቋንቋ የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው፤ ከዲን ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ምስክርነት በምላስ ነው፤ ክስም በምላስ ነው። የሰው ሐቅ አንዳንዴ የሚጠበቀውም የሚጠፋውም በአንድ ቃል ነው። ዛሬ የምናነሳው «መታ» የሚለውን ቃልና ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር የሚደርስበትን ነው።

በአማርኛችን እናት ሕፃኗን ለማስተኛት ጀርባውን መታ መታ ታደርጋለች። እንቁላል ይመታል፤ ከበሮ ይመታል፤ ሰውም ይመታል። ሁሉም «መታ» ነው። ልዩነቱን መግለጽ ስንፈልግ ግን በጥፊ አጮለው፣ በቡጢ መታው፣ ኮረኮመው፣ ረገጠው፣ ገረፈው፣ ደበደበው እንላለን። ቃል አያንሰንም። ወደ እንግሊዝኛ ስንሻገር ግን ብዙዎቻችን የምንይዘው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ሂት» እና «ቢት»። እነዚህንም አንዱን በሌላው ቦታ እናስገባቸዋለን።

ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። «ሂት» ጥቅል ቃል ነው። አንድ ጊዜ የመታም፣ ሳያስበው የመታም «ሂት» ነው፤ መኪና ሰው ሲገጭ እንኳ በዚሁ ቃል ይነገራል። «ቢት» ስለ ሰው ሲነገር ደጋግሞና በኃይል መምታትን ያመለክታል፤ ወደ «ደበደበ» ይቀርባል። የእንቁላልና የከበሮ ምትም «ቢት» የሚባለው ምቱ ስለሚደጋገም ነው። «ስትራይክ» ደግሞ በሕግ ጽሑፍና በዜና የሚዘወተር ቃል ነው፤ የመብረቅ ምትና የሠራተኞች ሥራ ማቆም አድማም በዚሁ ይጠራሉ።

በተዘረጋ መዳፍ ከሆነ «ስላፕ»፣ በተጨበጠ እጅ ከሆነ «ፐንች»፣ በእግር ከሆነ «ኪክ» ነው። እንግሊዞች ልጅን በመዳፍ መቅጣትን «ስማክ» ይሉታል፤ አሜሪካኖች መቀመጫው ላይ ከሆነ «ስፓንክ» ይላሉ። በጣት ቀስ አድርጎ መንካት «ታፕ»፣ በፍቅር ቸብ ቸብ ማድረግ ደግሞ «ፓት» ነው። በእኛ ቋንቋ «መታ መታ» ብለን ስንደግመው ነገሩ ይቀላል። እንግሊዝኛው ላይ «ሂት»ን ብንደግመው ግን ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

ሌላም አለ። «ሂ ሂት ሚ» ማለት «መታኝ» ነው፤ ያለቀ ነገር ነው። «ሂ ቢትስ ሚ» ማለት ግን «ይደበድበኛል፤ ልማዱ ነው» ማለት ነው። የአንዲት «ስ» ጭማሪ አንድን ቀን የዘወትር ታደርገዋለች።

ውድ አድማጮች፣ ይህ ሁሉ ተራ የሰዋስው ጉዳይ አይደለም። አሜሪካ የሚኖር ቤተሰብ አለ እንበል። ልጁ ለመምህሩ ስለ አባቱ ሊናገር ፈልጎ፣ አንድ ቀን እጁን ቸብ ያደረገውን «ቢትስ ሚ» ብሎ ተናገረ። በዚያ አገር መምህርና ሐኪም ልጅ ተጎድቷል ብለው ከጠረጠሩ ለሚመለከተው ክፍል የማሳወቅ ግዴታ በሕግ አለባቸው። መምህሯ የሰማችው «ይደበድበኛል» የሚለውን ነው፤ በሰማችው ብታሳውቅ አትወቀስም። በስኮትላንድ ከኅዳር 2020፣ በዌልስ ደግሞ ከመጋቢት 2022 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ ወላጅ ልጁን በመምታት መቅጣቱ ራሱ በሕግ የተከለከለ ነው። እዚያ ያሉ ወላጆች ይህን ማወቅ አለባቸው።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ ይብሳል። አንዲት እህታችን ዱባይ ሰው ቤት ስትሠራ በቡጢና በእርግጫ ተደብድባ ሐኪም ቤት ደረሰች እንበል። ነርሷ ከፊሊፒን ወይም ከሕንድ የመጣች ናት፤ የሚያግባባቸው ጥቂት እንግሊዝኛ ነው። እህታችን «ሂት» ብቻ ብላ ዝም ካለች መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ቀላል ነገር ነው። የተጎዳው አካሏ ሌላ ይናገራል፤ ወረቀቱ ሌላ ይናገራል። ነገ ሐቋን ስትጠይቅ ያ ወረቀት ይከራከራታል።

አላህ (ሱ.ወ) በቁርኣን (አን-ኒሳእ 4፡135) ምእመናን በራሳቸው፣ በወላጆቻቸውና በቅርብ ዘመዶቻቸው ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ እንዲመሰክሩ አዟል። ምስክርነትን ከማጣመምም ከመሸሽም አስጠንቅቋል። ጥፊን ድብደባ ማለት ማጣመም ነው፤ ድብደባን «ገፋ አደረገኝ» ማለትም ማጣመም ነው።

የቁርኣንን ቃላት ያስተዋለ ሰው ይህን ጥንቃቄ ያገኛል። ሙሳ (ዐ.ሰ) ባሕሩን በበትራቸው ሲመቱ (አሽ-ሹዐራእ 26፡63) የመጣው ቃል «ዶረበ» ነው። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ደርሰው አንዱን በቡጢ ሲመቱት (አል-ቀሶስ 28፡15) ግን «ወከዘ» ይላል። ሰውየው በዚያ ምት ሞተ፤ ሙሳም ወዲያው ጌታቸውን ምሕረት ለመኑ። የኢብራሂም (ዐ.ሰ) ባለቤት ልጅ እንደምትወልድ ስትበሰር በመደነቅ ፊቷን ስትመታ (አዝ-ዛሪያት 51፡29) ደግሞ «ሶከ» የሚለው ቃል መጣ። ለበትር ሌላ፣ ለቡጢ ሌላ፣ ለመደነቅ ሌላ። ሦስቱንም «መታ» ብቻ ብሎ የተረጎመ ሰው አልዋሸም፤ ግን ብዙ ነገር በመንገድ ላይ ጥሏል።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ በባዕድ ቋንቋ ስትናገሩ ቃሉ ከጠፋችሁ ድርጊቱን ተናገሩ። በምን? የት ላይ? ስንት ጊዜ? መቼ? ምን ጉዳት አደረሰ? «በተጨበጠ እጁ፣ ፊቴን፣ ሦስት ጊዜ፣ ትናንት ማታ» ያለ ሰው ትክክለኛው ቃል ባይመጣለትም እውነቱን ተናግሯል። ሁለተኛ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ሐኪም ቤትና ፍርድ ቤት ስትቀርቡ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ የተጻፈው ተነቦላችሁ ሳትረዱት አትፈርሙ። ሦስተኛ፣ የምታስተረጉሙ ወንድሞችና እህቶች፣ የያዛችሁት አማና ነው። ለአገር ልጅ አዝናችሁ አታቅልሉ፤ ተቆጥታችሁም አትጨምሩ። አራተኛ፣ ወላጆች ለልጆቻችሁ የቃላቱን ልዩነት አስተምሩ። «ለሰው እንዳትናገር» ብላችሁ ግን አታስፈራሯቸው፤ በእውነት የተጎዳ ልጅ የሚናገርበት ቃል ሊነፈገው አይገባም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ቃል የማያስመርጥ ቤት ይኑረን። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአላህ መንገድ ከመዋጋት በቀር ሴትንም ሆነ አገልጋይን በእጃቸው መትተው አያውቁም። ፊትን መምታትንም ከልክለዋል። የእሳቸውን ፈለግ የተከተለ ቤተሰብ ልጁ ትምህርት ቤት ምን ይናገር ይሆን ብሎ አይሰጋም።

አላህ ምላሳችንን ለሐቅ ያቅናልን፤ እጃችንንም ከበደል ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።