የኮምፒዩተር ስክሪን ምርጫና የፊደል ንባብ



ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በአርሲ ነገሌ፣ እንደ ሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሁሉ፣ የጽሕፈት አገልግሎት የሚሰጡ ቤቶች ማመልከቻና ውል ሲጽፉ ይውላሉ። ለእንዲህ ያለው ሥራ ኮምፒዩተር ሲገዛ ስለ ስክሪኑ የሚነሣው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ስንት ኢንች ነው?» ከሚለው አያልፍም። ይህ ጥያቄ ግን ብቻውን ያሳስታል።

ኢንቹ የሚለካው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ስለሆነ፣ የስክሪኑን ቁመት አይገልጽም። ወርዱና ቁመቱ 5 ለ4 የሆነ ባለ 19 ኢንች ስክሪን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት አለው። 16 ለ9 የሆነው ባለ 21.5 ኢንች ስክሪን ግን ቁመቱ 27 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። የኤ4 ወረቀት ቁመት 29.7 ሳንቲ ሜትር ነው። እንግዲህ በቁጥር የበለጠው ስክሪን ገጹን በልኩ ሲያሳይ ግርጌውን ይቆርጠዋል ማለት ነው፤ ፊርማና ቀን የሚሰፍሩት ደግሞ በግርጌ ነው። ሰፊው ቅርጽ ዓምዱ ለበዛ የሒሳብ ሠንጠረዥ ይስማማል። ደብዳቤና ውል ለሚጽፍ ግን 16 ለ10 የሆነው ባለ 24 ኢንች፣ ወይም በማቆሚያው ላይ ወደ ቁመት የሚዞረው ይሻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ምስሉን የሚሠሩት ነጥቦች፣ ማለትም የፒክስሎች ብዛት ነው። 1366 በ768 የሆነ ስክሪን ከአንድ ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጡ ነጥቦች ሲኖሩት፣ 1920 በ1080 የሆነው ከሁለት ሚሊዮን በላይ አለው። ነገር ግን ብዛቱ ብቻ ሳይሆን ጥግግቱም ይታያል። ይኸው 1920 በ1080 በ21.5 ኢንች ላይ ሲሆን በአንድ ኢንች 102 ያህል ነጥቦች ይሰለፋሉ፤ በ27 ኢንች ላይ ሲዘረጋ ግን ወደ 82 ይወርዳሉ።

ይህ ልዩነት በግዕዝ ፊደል ላይ ይበረታል። «ሰጠ» እና «ሸጠ» የሚለዩት በአናት ላይ በምትጨመር አንዲት ጭረት ነው። ላሚቱን በሰጠና ላሚቱን በሸጠ ሰው መካከል ያለው ርቀት ግን ፍርድ ቤት ያደርሳል። ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀም እንዲሁ ናቸው። አፋን ኦሮሞ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በይፋ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ የአርሲ ነገሌ ጸሐፊ በሁለቱም ፊደል መሥራት ሊኖርበት ይችላል። የላቲኑ ፊደል በጥቂት ነጥቦችም ይነበባል፤ ስለሆነም ስክሪኑ መመዘን ያለበት ብዙ ነጥብ በሚሻው በግዕዙ ነው።

ከግዢ በኋላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጠፍጣፋ ስክሪን ጥርት ብሎ የሚታየው በተሠራበት የነጥብ ልክ ሲስተካከል ነው። ፊደሉ አነሰ ብሎ የነጥቡን ቁጥር መቀነስ ጽሑፉን ያደበዝዘዋል፤ መጨመር የሚገባው የፊደሉ መጠን ነው።

በመሆኑም ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በሱቁ ውስጥ አንድ የአማርኛ ገጽ ያስከፍት፤ የክንድ ያህል ርቆም ይቀመጥ። ሰ እና ሸን ሳያጎነብስ ከለየ ስክሪኑ ለሥራው ይበቃል። ካልለየ ግን፣ ኢንቹ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ጉድለቱ የሚያርፈው የጻፈለትን ሰው አምኖ በሚፈርመው ባለጉዳይ ላይ ነው።