አስከሬን ያልተገኘለት ሞት

(በተመራቂዎች ዳግም መገናኛ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሥራሽ አንድ ነገር አካፍይን» ሲሉኝ ስለ ሕሙማን የማወራ መስሏቸው ይሆናል። የዛሬው ሟች ግን የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። አትሳቁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

በምሠራበት ሆስፒታል የላቦራቶሪ ውጤት ወደ ዋርዶች የሚደርሰው በአንድ ሰርቨር በኩል ነው። አንድ ሰሞን ውጤት የሚያስተላልፈው ፕሮግራም ሌሊት ሌሊት በድንገት ይቆም ጀመር። ተረኛው ሐኪም የፖታሲየም ውጤት ይጠብቃል፤ ስክሪኑ ባዶ ነው። ነርሷ ወረቀት ይዛ ደረጃ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። የኩላሊት ታማሚ ፖታሲየሙ ሲያሻቅብ ልቡ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግርም።

ጉዳዩን የሚያጣራው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆንኩ። ፕሮግራም ሲወድቅ ሲስተሙ በዚያች ቅጽበት ሜሞሪው ውስጥ የነበረውን በፋይል ሊያስቀምጥ ይችላል። ኮር ደምፕ ይሉታል፤ እኛ የምንመረምረው አስከሬን ማለት ነው። ወጣቱን የአይቲ ባለሙያ «የታለ?» አልኩት። «የለም፣ ዶክተር።» ሦስት ጊዜ ሞቶ ሦስቴም የለም! «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር» ነውና ጠረጠርኩ። ጥፋቱን ለመሸፈን ሰርዞት ይሆናል አልኩ፤ ያውም በስብሰባ ላይ፣ በሰው ፊት።

ልጁ አልተቆጣም። «ዶክተር፣ መጀመሪያ ፋይሉ ሊፈጠር ይችል እንደነበር እንይ» አለኝ። አብሬው ተቀመጥኩ። የሚቀመጥበት ፎልደር አለ? ፕሮግራሙ እዚያ የመጻፍ ፈቃድ አለው? ዲስኩ ቦታ አለው? ሁሉም ደህና ነው። የፋይሉ መጠን ጣሪያስ? ዜሮ! ሲስተሙ አንዲት ባይት እንኳን እንዳይጽፍ ተከልክሏል። ልጁ ጣሪያውን ቀደም ብሎ ከፍ አድርጎት ነበር፤ ግን ያደረገው እሱ በገባበት መስኮት ላይ ነው። በሲስተምዲ የሚነሳ ሰርቪስ ደግሞ ያንን አያይም፣ የራሱን ማዋቀሪያ ነው የሚያነበው። እዚያው አስተካክሎ ሰርቪሱን እንደገና አስነሳው። ከዚያ አንድ የሙከራ ፕሮግራም በዚያው መንገድ አስነስቶ በሲግናል 6 ሆን ብሎ ጣለው። ፋይሉ ተፈጠረ። እፎይ አልን።

ከሦስት ቀን በኋላ ዋናው ፕሮግራም እንደገና ሞተ። ፋይል? የለም።

አሁን እንኳ አፌን ያዝኩ። ልጁ የከርነሉን መዝገብ ከፈተ። ሜሞሪው አልቆ፣ ሊኑክስ ራሱ ሌላው እንዲተርፍ ብሎ ፕሮግራሙን በሲግናል 9 ገድሎታል። ሲግናል 9 ደግሞ ኑዛዜ አያስጽፍም፤ ኮር ደምፕም አይተውም። ለካ ፋይሉ መጥፋቱ ራሱ ምልክት ኖሯል! ሜሞሪውን ማን በላው ብለን ስንከታተል፣ የዓመታት ውጤት በአንድ ጊዜ የሚጭን የሌሊት ሪፖርት አገኘን። በትንሽ በትንሹ እንዲጭን ተደረገ፤ ስክሪኑም ሌሊት ባዶ መሆኑ ቀረ።

ጓደኞቼ፣ እኛም ሞት ማስረጃ ላይ «ልብና ትንፋሽ ቆመ» ብለን እንጽፋለን። ልቡ ሳይቆም የሞተ ማን አለ? ያ የሞት መንገድ እንጂ መንስኤ አይደለም። ካርድ ላይ ማስታወሻ ስናጣም «ማን ደበቀው?» እንላለን። መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን ግን ሁለት ነገር ነው፦ ለመጻፍ የሚያስችል ሁኔታ ነበር ወይ? የደረሰውስ ነገር አሻራ የሚተው ዓይነት ነው ወይ? መምህሮቻችን፣ በሞት ግምገማ ስብሰባ ላይ ተማሪው ተጠያቂ ከመፈለጉ በፊት እነዚህን ሁለቱን እንዲመልስ አድርጉልን።

ልጁን ይቅርታ የጠየቅኩት በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሰው ፊት ነው። በሰው ፊት የተወረወረ ቃል በጓዳ አይነሳም።